እዚሁ አዳማ እንብላ ወይስ አዲስ አበባ እንሂድ?

ቅዳሜ ጠዋት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ ቤታችን ውስጥ ክርክር ይነሳል። ልጄ ላዛኛ አምሯታል፤ ላዛኛ ደግሞ በእሷ ቤት ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ባለቤቴ የሰፈራችን ጥብስ ምን ጎድሎት ነው ይላል። እናቴ ጉልበቷን እያሸች መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ እንደማትችል ታስታውቃለች፤ ቤት ቅሪ ቢሏት ግን አትወድም። ቡናው በረካ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ስምምነት የለም፤ የወር ደመወዛችን ላይ የሚያርፈው ውሳኔ በችኮላ ይወሰናል።

አዳማ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ለምግብ ብለን አዲስ አበባ የሄድንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ እስከ ዛሬ በደስታ የሚነሳ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ገንዘባችንን በልቶ በረሃብ የመለሰን። ሁለቱን የለየው የከተማው ስም አልነበረም። የለየው ያማረን ምግብ ነበር። ስለዚህ አሁን ክርክሩ ሲነሳ "ወዴት እንሂድ?" የሚለውን ትቼ "ምን እንብላ?" ብዬ እጀምራለሁ፤ ቀጥሎም ስለዚያ ምግብ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ዋናው ግብዓቱ ከየት ነው የሚመጣው? ቤቱስ ይህንኑ ምግብ በቀን ለስንት ሰው ያቀርባል? ግብዓቱ ከእኛ ደጅ ከሆነና የአካባቢው ሰው ዘወትር የሚበላው ከሆነ፣ እዚሁ ነው የሚጣፍጠው። ግብዓቱ ከሩቅ የሚመጣና እዚህ በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ብቻ የሚያዝዘው ከሆነ፣ ብዙ ሕዝብ ያለበት ከተማ መሄድ ያዋጣል። የምጽፈው በተለይ ለአዳማ፣ ለሞጆና ለቢሾፍቱ ሰው ነው፤ የአሰላ ወይም የደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ርቀቱን በራሱ መንገድ ይለካው።

ከሐይቅና ከማሳ የሚመጣው

አዳማ ተቀምጦ ዓሣ ለመብላት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል። የቆቃ ሐይቅ ደጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረው የቆቃ ግድብ ጋር የተፈጠረ፣ አዋሽ የሚሞላው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ የሚነሳው ዓሣም ቢሆን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በሞጆ በኩል ነው የሚያልፈው። ጠዋት ከመረብ የወጣ ቆሮሶ ለምሳችን ይደርሳል። ያው ዓሣ ዋና ከተማው ገብቶ፣ ከነጋዴ እጅ ወደ ነጋዴ እጅ ተላልፎ፣ በረዶ ላይ ተኝቶ ነው ሳህን ላይ የሚወጣው።

እናቴን ይዤ የምሄድበት አንድ ዓሣ ቤት አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጠረጴዛው አምስት፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። ባለቤቷ እናቴን ስታይ ከምድጃው ቀና ብላ "እማማ፣ ይምጡና እርስዎ ይምረጡልኝ" ትላለች። እናቴ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ ጉልበቷ አያማትም። ከባልዲው አንዱን ታነሳና የጉንጩን ክዳን በአውራ ጣቷ ገለጥ ታደርጋለች። ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ታስቀረዋለች፤ ከጠቆረ ወይም ዝልግልግ ካለ ምንም ሳትናገር ትመልሰዋለች። ከዚያ ጎኑን ጫን ታደርገዋለች፤ ሥጋው ተመልሶ ከተነሳ ያ ዓሣ የዛሬ ነው፣ የጣቷ ምልክት ጎድጉዶ ከቀረ የትናንት ነው። ባለቤቷም አትቆጣም። ዓሣውን ተቀብላ ጎንና ጎኑን በቢላዋ ትተለትለዋለች፣ ጨው ትነሰንስበታለች፣ ከዚያ የፈላው ዘይት ውስጥ ቀስ ብላ ታስገባዋለች። ሲወጣ ጠርዙ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ግን ነጭና ጭማቂ ያለው ነው። ሎሚ፣ ዳጣ፣ ትኩስ ዳቦ። ለዚህ ሳህን የሚስተካከል እስከ ዛሬ በየትኛውም ባለ ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ቤት አልበላሁም።

ዓሣ ቤት ስትገቡ ከዓሣው ጋር ዘይቱንም እዩ። የጠቆረና የሚጨስ ዘይት ከሆነ በደንብ የተመረጠ ዓሣም ያበላሻል። ሌላው ሙቀቱ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ስትነጻጸር ቆላ ናት ማለት ይቻላል። እኩለ ቀን ያለፈ ዓሣ እዚህ ቶሎ ይለወጣል። ስለዚህ ሙሉ ጥብሱንም ጉላሹንም ለምሳ እንጂ ለማታ አላዝም፤ ለብለብ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ማንም ቢያባብለኝ አልበላም።

እንጀራውም እንደዚሁ ነው። የአድአ ማኛና የምንጃር ጤፍ ስማቸው በአገር የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ከአዳማ ብዙም አይርቁም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከመቂ መስክ ይመጣል፣ ቅቤው ከአርሲ ይወርዳል። ጥሩ ሽሮ ተጋቢኖ፣ ጨጨብሳ በማር፣ ቁርስ ላይ ፉል ወይም ፍርፍር ለመብላት መንገድ መውጣት አያስፈልግም። ለእነዚህ ምግቦች የሚያስፈልገው ጥሩ እጅና ጥሩ በርበሬ ነው፤ ሁለቱም በየሰፈራችሁ አሉ።

ጥሬ ሥጋ

ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። ከአዲስ አበባ ሰው ራሱ ጥሬ ሥጋ ሲያምረው መኪና አስነስቶ ወደ እኛ አቅጣጫ ይመጣል። ዱከም በቁርጥ ስሟ የገነነው በዚህ ነው፤ ቢሾፍቱም እንዲሁ። ሰው ወደ እኛ ሲመጣ እኛ ወደ እነሱ የምንሄድበት ምክንያት ምንድን ነው? ከአዳማ ተነስታችሁ በፈጣን መንገዱ ስትበሩ ዱከምን ከጎን ትታችኋት ታልፋላችሁ። አዲስ አበባ ገብታችሁ የምትከፍሉበት ሥጋም ከእኛው አካባቢ ገበያ በተነዳ በሬ ሊሆን ይችላል።

በሥጋ ነገር ከከተማው ይልቅ ቀኑን ነው የምመርጠው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ገበያ በእነዚህ ቀናት ይቀዘቅዛል። ሐሙስ ጠዋት የተሰቀለ ሥጋ ስታዩ መቼ እንደታረደ ሳትጠይቁ አትቀመጡ፤ ከማክሰኞ ተርፎ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜና እሑድ ግን ሥጋው ሳይውል ያልቃል፤ ትንሽ ቤትም ቢሆን በእነዚህ ቀናት ከትልቁ ጋር እኩል ነው። የማውቀው ሥጋ ቆራጭ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስደርስ "እትዬ፣ ሻኛው ደርሷል፣ ታላቁ ግን ለዛሬ አይሆንዎትም" ብሎ በግልጽ ይነግረኛል። ይህን የሚለኝ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደምመጣ ስለሚያውቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ የምትረግጡት ቤት ይህን ምክር አይሰጣችሁም፤ አያውቃችሁማ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው በሥጋ ቤትም ይሠራል።

ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል፤ ይህ በየትኛውም ከተማ ያው ነው። በቄራ ታርዶ የተመረመረ ሥጋ ማኅተም ይኖረዋል፤ የማኅተሙን ምልክት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ነፍሰ ጡር አብራችሁ ካለች ጥሬውን ትታችሁ በደንብ የበሰለ ጥብስ እዘዙላት።

አዲስ አበባ የምትበልጥባቸው

እስካሁን ለአዳማ ብቻ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ የምትሰጠውን እኛ ልንሰጥ የማንችልባቸው ነገሮች አሉ፤ ምክንያታቸውም የምግብ አብሳይ ችሎታ ብቻ አይደለም።

የልጄን ላዛኛ ውሰዱ። ስፓጌቲ በስጎ በየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ታገኛላችሁ፤ ስለለመድነው የራሳችን ምግብ ሆኗል። ላዛኛ ግን አይብ፣ ወተትና ቅቤ የገባበት ነጭ ስጎ፣ በደንብ የሚግል ምድጃ ይፈልጋል። በሳምንት ሦስት ሰው በሚያዝዝበት ቤት አይቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሰነብታል፣ ላዛኛውም ከትናንት ወዲያ ተሠርቶ ዛሬ ይሞቃል። አዲስ አበባ ግን ጣሊያኖችና አርመኖች በትውልድ ያቆዩት የወጥ ቤት ልማድ አለ፤ ይህን ምግብ በቀን ለብዙ ጠረጴዛ የሚያወጡ ቤቶች አሉ። አይቡ አይሰነብትም፤ ምድጃውም አይቀዘቅዝም። የሕንድ፣ የቻይና፣ የዓረብ ምግብም እንደዚሁ ነው። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሶማሌ ሩዝ በፍየል ሥጋ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ሩዙ ከትልቅ ድስት በትሪ እየተጫነ ሲወጣ፣ ሙዙ ከጎን ሲቀመጥ፣ ያንን ብዛትና ያንን ፍጥነት ሌላ ቦታ ማምጣት ይከብዳል። የኤምባሲው ሰው፣ የአፍሪካ ኅብረት እንግዳው፣ ነጋዴው፣ ስደተኛው ሁሉ እዚያ ስለሚበላ፣ ለሁሉም የሚሆን ቤት በዚያ ተከፈተ።

ክትፎ ላይ እኔም ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። አዳማም ጥሩ ክትፎ አለ። ሆኖም እንደ ዮሐንስ ክትፎ ያሉት ክትፎ ብቻ ይዘው የዘለቁ ቤቶች ሌላ ነገር አላቸው። ቆጮው ለስላሳ ነው፣ አይቡ የዕለቱ ነው፣ ጎመኑ በቅቤ የራሰ ነው፣ ቅቤው በትክክል የተነጠረ ነው። ጥሬም ይሁን ለብለብ እንዳላችሁት ይመጣል። ለክትፎ ብቻ ብላችሁ ሂዱ አልልም፤ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ግን ምሳችሁን በርገር ላይ አታባክኑት።

በጾም ወቅት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በእኛ ከተማ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ምርጫው በየዓይነቱ፣ ሽሮና ፓስታ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ረጅም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ማኪያቶ የሚሠሩ ቤቶች በብዛት አሉ። ፒያሳ ያለው፣ እቴጌ ጣይቱ ያስጀመሩት ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ጣይቱ ሆቴልም በጾም ቡፌው ስሙ ይነሳል። እናቴን በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ አንድ ቀን አዲስ አበባ ወስጄ የጾም ቡፌ ባበላኋት ጊዜ፣ ሳህኗን ይዛ እያንዳንዱን ድስት እየከፈተች ምን እንደገባበት አስተናጋጁን ስትጠይቅ፣ እኔ ቆሜ ሳያት የመንገዱን ድካም ረሳሁት።

ቡናን በሚመለከት ከአዳማ ቤቴ ቡና የሚበልጥብኝ የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው የፒያሳው ቶሞካ ገብቶ፣ ቆሞ፣ የተቆላውን ሽታ እየሳቡ አንድ ስኒ መጠጣት የራሱ ደስታ አለው። ለመሄጃ ምክንያት ሳይሆን ለመመለሻ መንገድ ጉርሻ አድርጉት።

ስለ ባህል ምሽት ቤቶች ባጭሩ፦ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ባሉት ቤቶች እየበሉ የየብሔረሰቡን ጭፈራ ማየት ከውጭ ለመጣ ዘመድ ጥሩ ግብዣ ነው። የሚደምቀው ግን በምሽት ስለሆነ በዚያው ሌሊት ወደ አዳማ እንመለስ ማለት አይመከርም። የአልጋውን ዋጋ ከራቱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት።

ሂሳቡ

ዋጋ በየወሩ ስለሚለወጥ ብር እየጠራሁ አላታልላችሁም፤ የምሠራበትን ስሌት ግን ልንገራችሁ። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ፣ የእያንዳንዱን ሰው ደርሶ መልስ ከአዳማ እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ቤቱ ድረስ ያለውን ታክሲ ደምሩ። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ነዳጅ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ፣ ማቆሚያ። የመጣውን ድምር በሰፈራችሁ ሥጋ ቤት ዋጋ ለአንድ ኪሎ አካፍሉት። "ለመንገዱ ብቻ ይህን ያህል ኪሎ ሥጋ ከፈልን" ብሎ ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አራት ሆናችሁ በሚኒባስ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ መንገዱ ከምግቡ ጋር ይፎካከራል። መኪና ሞልታችሁ አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ ግን ነፍስ ወከፉ ይቀልላል።

ሁለተኛው ነገር ምናሌው ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ከምግቡ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራሉ። አንዳንዱ ቤት ቀድሞ ደምሮ ይጽፋል፣ አንዳንዱ አይደምርም። ካልተደመረ፣ አንድ ሺህ ብር የሚል ምግብ አገልግሎቱ ሲገባ 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ ታክሱ 165 ሲጨመር 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ለአምስት ሰው ስታዝዙ ልዩነቱ የአንድ ሰው ምሳ ይበልጣል። እኔ መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ይህን ባለማወቄ ሂሳቡ ሲመጣ ባለቤቴ ዓይን ውስጥ ማየት አፍሬ ነበር። አስተናጋጁን "ዋጋው ታክስና አገልግሎት ያካተተ ነው?" ብሎ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም፤ ጥያቄው ግን ከማዘዝ በፊት ነው።

የእኛዋ አዳማም ውድ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት። ሥልጠናና ጉባኤ በበዛበት ሳምንት ትልልቆቹ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ አስተናጋጅ ይጠፋል። በሌላ በኩል ደግሞ የሥራ ቀን የምሳ ቡፌያቸው ለተሰብሳቢ በብዛት ስለሚሠራ ያኔ ነው ትኩስ የሚሆነው። ሆቴል ቡፌ ካማራችሁ ከእሑድ ይልቅ ማክሰኞን እመርጣለሁ።

መንገዱና ሰዓቱ

በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ 84.7 ኪሎ ሜትር ነው። በጥሩ መኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳላችሁ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ጉዞው እዚያ ያለቀ ስለሚመስለን ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቦሌ ወይም እስከ ፒያሳ ያለው ግን ሌላ ጉዞ ነው፤ በቅዳሜ ረፋድ የመንገዱን ያህል ሰዓት የበላብን ጊዜ አለ።

የእህቴ ልጅ የተመረቀች ቀን ያጋጠመንን ልንገራችሁ። ስምንት ሆነን፣ ከአዳማ በአራት ሰዓት ተነስተን፣ ለምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል እንደርሳለን ብለን ነበር። ሰባት ሰዓት ከሩብ ደረስን። ቤቱ ስሙ የታወቀ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ያ ሳምንት የምርቃት ሳምንት ስለነበር በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ጠረጴዛ ለማግኘት አንድ ሰዓት፣ ምግቡ እስኪመጣ ሌላ አንድ ሰዓት ቆየን። ሕፃናቱ የእንጀራውን ጠርዝ እየቆረሱ በሉ። ምግቡ ሲመጣ ግማሹ ቀዝቅዟል፤ ተመራቂዋ ጋውኗን እንደለበሰች ከመሰልቸት ብዛት እንቅልፍ ወስዷታል። ፎቶግራፉ አሁንም አለን፣ ማንም ፈገግ ያለበት የለም። በሚቀጥለው ሳምንት እናቷ እዚሁ አዳማ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተክላ፣ በግ አሳርዳ፣ እንደገና አስመረቀቻት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። ቀድሜ ስልክ ደውዬ ጠረጴዛ አስይዛለሁ፤ በምርቃት ሰሞን፣ ከፋሲካ ማግሥትና በሠርግ ወራት ደግሞ በሩቁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአዳማ እነሳለሁ፤ አምስት ተኩል ላይ ደርሼ ቀድሜ እቀመጣለሁ፣ ሰው ሳይሞላ አዛለሁ። ለልጆቹ ዳቦና ሙዝ በቦርሳ እይዛለሁ።

ቤቱ አሁንም እዚያ መኖሩንም አጣሩ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ውስጥ እነ ዶሮ ማነቂያ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ፣ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከዓመታት በፊት የበላችሁበትን ቤት በልብ ይዛችሁ ብትሄዱ አስፋልትና የአበባ መደብ ነው የሚጠብቃችሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ ከካዛንቺስ ጥብስ በቀር ጥብስ አላውቅም ይል ነበር። ያ ሰፈር ሲፈርስ ሳይ እንደ ዘመድ ቤት ነው ያዘንኩለት።

ባቡሩን የሚጠይቁኝ አሉ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር አዳማ ይቆማል፤ ግን ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ የአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያም ከመሃል ይርቃል። ለረጅም ጉዞ እንጂ ለምሳ አይሆንም።

ከማን ጋር ነው የምትበሉት?

ሕፃንና አረጋዊ ካለ ቅርብ ይሻላል። ይህን ስል አረጋውያን አይሂዱ ማለቴ አይደለም፤ የእናቴን የጾም ቡፌ አልረሳሁም። ግን ለእነሱ ሲባል የሚሄድ ከሆነ ቀኑ ሙሉ የእነሱ ይሁን፤ አንድ ቤት፣ አንድ ምሳ፣ ወደ ቤት። ጠዋት መርካቶ፣ ምሳ ቦሌ፣ ኬክ ፒያሳ የሚባለው ዕቅድ ለወጣት ነው።

ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኞች አብራችሁ ስትሆኑ የሥጋው ጉዳይ ይመጣል። ማንም ሳይቸገር በአንድ ትሪ ለመብላት አዳማ ላይ ዓሣ ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰባት ሴቶች ለዓመታት የተገናኘነው በዚያ ነው፤ ማንም የማንንም ሳህን አልሸሸም። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና ከመካከላችን ዓሣም የማይበሉ ጿሚዎች ካሉ፣ በየዓይነቱን ሁላችንም እንበላዋለን።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አትሳሳቱ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው ፒዛ አልናፈቀውም፤ የሚያምር ሆቴልም ያለበት አገር አለው። የናፈቀው ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ "ከዚህ ቁረጥልኝ" ማለት ነው። ያክስቴ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ስትመጣ አዲስ አበባ ውድ ቤት ጋበዝናት፤ አመስግና በላች። በማግሥቱ አዳማ ውስጥ የሸክላ ጥብስ ከነከሰሉ እየተንጣጣ ሲመጣላት ግን ስልኳን አስቀምጣ እጇን ታጠበች፣ ለረጅም ጊዜም አላወራችም።

መሃል መንገድ ላይ

በቤተሰብ መስማማት ካልተቻለ ቢሾፍቱ አለች። ለእኛም ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችንም መካከለኛ ስለሆነች ሁለቱም ወገን ግማሽ መንገድ ይመጣል። ባቦጋያና ኩሪፍቱ ዳር ያሉት ቤቶች ዋጋቸው ከበድ ይላል፤ የምትከፍሉት ለሐይቁ ጭምር ነው። ልጆች የሚሮጡበት ሣር፣ አረጋውያን የሚቀመጡበት ጥላ ስለሚገኝ ለትልቅ ቤተሰብ መገናኛ ግን ከሁለቱም ከተሞች እመርጠዋለሁ። በእሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዲ ላይ ከፍተኛ ሕዝብ ስለሚሰበሰብ ለምሳ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፤ በዓሉን ለማክበር ከሆነ ደግሞ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ።

የዚህ ሳምንት ክርክራችን እንዲህ አለቀ። ልጄ ላዛኛዋን አልተነፈገችም፤ የልደቷ ዕለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ፣ ጠረጴዛ አስይዘናል፣ በሦስት ሰዓት እንነሳለን። ባለቤቴ ለማታ ጥብሱን ያገኛል። ለዛሬ ምሳ ግን እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች፤ ዓሣ ቤቷ ዘንድ ስልክ ደውላ ቆሮሶው ጠዋት እንደገባ አረጋግጣለች።